ዘንግ፣ ዛቢያ፣ እንዝርት፤ ስለ ተሽከርካሪው የፍሬዛ ክፍል ስያሜ

የቴክኒክ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን ከሚያስቸግሩት ቃላት አንዱ በእንግሊዝኛ «አክሲስ» የሚባለው ነው። ችግሩ በአንድ መሣሪያ ላይ ሲታይ ጎልቶ ይወጣል። መሣሪያውም በኮምፒዩተር በሚመራ ፍሬዛ ላይ፣ በባለሙያው በገዛ እጁ ተሠርቶ የሚጨመረው አራተኛው «አክሲስ» ነው። (የማሽኑን የእንግሊዝኛ ስም ቃል በቃል ወስዶ «ወፍጮ» የሚል ተርጓሚ አንባቢውን እህል አስጭኖ ይሰደዋል። እኛ ከጣልያንኛ የመጣውን፣ ሠራተኛውም የለመደውን «ፍሬዛ» መርጠናል።)

በአኃዝ የሚታዘዘው ፍሬዛ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ለእይታ ቀረበ። ተራው ፍሬዛ ቀኝና ግራ፣ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች ይንቀሳቀሳል፤ እነዚህም ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ ይባላሉ። በሦስቱ ብቻ ግን እንደ ምሰሶ ክብ የሆነን ዕቃ ዙሪያውን መቅረጽ ያስቸግራል። ስለሆነም ዕቃውን ጨብጦ የሚያዞር ክፍል ይታከላል፤ በኤክስ ዙሪያ የሚዞር ሲሆን «ኤ» ይሰኛል። ለሥራው ስቴፐር ሞተር፣ ወርም ማርሽ፣ ኩሽኔታዎችና ባለ ሦስት መንጋጋ መጨበጫ ያስፈልጋሉ። ሞተሩ አንዱን ዙር በ200 እርምጃ የሚጨርስ፣ የማርሹም ምጣኔ 90 ለ1 ቢሆን፣ ዕቃው አንድ ጊዜ ለመዞር 18,000 እርምጃ ይፈጃል፤ ይኸውም ለአንድ ዲግሪ 50 ነው።

ታዲያ «አክሲስ» ምን ይባል? ብዙ ጊዜ «ዘንግ» ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን ዘንግ የሚዳሰስ ብረት ነው፤ በኩሽኔታ ውስጥ ያልፋል፣ ይወለወላል፣ ይጎብጣል። አክሲስ ግን በሐሳብ የሚሰመር መስመር ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ተርጓሚ «ዘንጉን ከዘንጉ ጋር ትይዩ አድርግ» ብሎ ይጽፋል፤ ሠራተኛውም የትኛውን ከየትኛው ጋር እንደሚያስተካክል አያውቅም። ጉዳቱ የቃላት ብቻ አይደለም። በ200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ መስመሩ በአንድ ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያዘቀዝቅ፣ ክብ ምሰሶ እንዲሆን የታሰበው ዕቃ ጫፍና ጫፉ በውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ተለያይቶ ይወጣል፤ ዘንጉ ራሱ ግን እንከን የለበትም።

ስለዚህ ለመስመሩ «ዛቢያ» የሚለውን እንመርጣለን። መሬት በዛቢያዋ ላይ እንደምትሽከረከር ተማሪው ከጂኦግራፊ ትምህርቱ ያውቃል። «ምሕዋር» ደግሞ የሚኬድበት ጎዳና ስለሆነ ለዚህ አይስማማም። እርግጥ ዛቢያ በመጀመሪያ የመጥረቢያ እጀታ ነው፤ ይህንንም የሚነቅፉ አሉ። ነቀፌታው ቀላል ባይሆንም፣ በፍሬዛ አጠገብ መጥረቢያ አይቆምም፤ ዘንግ ግን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። መቁረጫውን ይዞ ለሚሾረው ክፍል «እንዝርት» የሚለው ያለ ክርክር ይበቃል፤ ጥጥ ሲፈተል ያየ ሁሉ ያውቀዋልና።

ጉዳዩ በይበልጥ የሚከብደው አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ አንባቢ ነው። በካማሺ ብረታ ብረት ሥራ የሚማር፣ አፉን በጉሙዝኛ የፈታ ወጣት እናስብ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ወጣቱም መመሪያውን በዚሁ ቋንቋ ሊያነብ ይችላል። አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ከተደበላለቀ ቃል ውስጥ ሐሳቡን በግምት ያወጣል፤ እርሱ ግን የሚደገፈው በተጻፈው ቃል ነው። በሌላ በኩል፣ ኮሊን አህላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረቡት የጉሙዝኛ ሰዋስው እንደሚታየው፣ በዚህ ቋንቋ የአካል ክፍል ስሞች በግሡ ውስጥ ሳይቀር ይገባሉ። እንግዲህ «መንጋጋ»፣ «ጥርስ»፣ «ራስ» የመሳሰሉት ስያሜዎች ለዚህ አንባቢ እንግዳ እንደማይሆኑ እንገምታለን። የዕቃውን ሌላ ጫፍ ለሚደግፈው ክፍልም «ጅራት» ያልነው ከዚህ የተነሣ ነው።

በባለሙያው የተሠራውን ክፍል «የቤት ሥራ» ማለት ተማሪን ደብተር ያስወጣል፤ በ«ሰው ሠራሽ» አምሳል «እጅ ሠራሽ» ይሻላል። ስለዚህ ሙሉ ስሙ «እጅ ሠራሽ ተሽከርካሪ ዛቢያ» ይሆናል።

ያልተቋጨው አንድ ቃል ነው። ሞተሩ አቅጣጫ ሲለውጥ የማርሹ ጥርሶች እስኪነካኩ ድረስ ዕቃው ለጥቂት እርምጃ ሳይዞር ይቆያል። «የጥርስ ክፍተት» ብንለው ስፍራውን እንጂ መዘግየቱን አይገልጽም፤ ሆኖም የተሻለ እስኪገኝ ድረስ በዚሁ መዝግበነዋል።