ተጨማሪ መረጃ፦ ቪዲዮው ቦንጋ እስኪደርስ
በካፋ ዞን ዋና ከተማ ቦንጋ አንዲት ተማሪ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ በስልኳ ከፈተች እንበል። ቪዲዮው በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚጠይቅ ከሆነ ጠቅላላ መጠኑ 75 ሜጋባይት ነው። 2 ደቂቃ አይታ ብትዘጋው የተጠቀመችው 15 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ሙሉው አስቀድሞ ከወረደ 60 ሜጋባይት ይባክናል። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪዎች ቪዲዮውን በጥቂት ሰከንዶች ከፋፍለው፣ ከተመልካቹ ጥቂት ብቻ ቀድመው ይልካሉ፤ መስመሩ ሲደክም የምስሉን ጥራት ይቀንሳሉ። ብዙ ሰው የሚያየው ቪዲዮ ቅጂ ደግሞ ለተመልካቾች ቅርብ በሆነ ሰርቨር ይቀመጣል። ኢትዮጵያ ከባሕር ሥር ኬብሎች የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ የገባ ቅጂ ለብዙዎች ሲዳረስ የዓለም አቀፉ መስመር ጫና ይቀንሳል።
አስሉ፦ ሙሉው ቪዲዮ አስቀድሞ ወርዶ ቢሆንና ተማሪዋ 4 ደቂቃ አይታ ብትዘጋው ስንት ሜጋባይት ይባክን ነበር?