ፈጣን ኮምፒዩተርና ሰዓት አክባሪ ኮምፒዩተር

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአባቶች ተረት የተነገረው ስለ ሰው ቢሆንም፤ ዛሬ ስለ ኮምፒዩተር ቢነገር ነውር የለበትም። ብዙ ሰው ኮምፒዩተርን የሚያመሰግነው በፍጥነቱ ነው፤ ሊገዛ ሲሄድም አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱ ነው። ነገር ግን ብረት የሚቆርጥ፤ እንጨት የሚልግ መኪና እንዲመራ የታዘዘ ኮምፒዩተር ከፍጥነት ይልቅ የሚፈለግበት ሌላ ጠባይ አለ፤ ይኸውም ሰዓት አክባሪነት ነው። ይህ ጠባይ ሲጎድል ምን እንደሚደርስ፤ ጉድለቱስ በምን ዘዴ ተፈልጎ እንደሚገኝ በዛሬው ጽሑፋችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለምሳሌ ሊኑክስ ሲኤንሲ የሚባለውን ፕሮግራም እንውሰድ። መነሻው የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ያሠራው ፕሮግራም ሲሆን፤ ዛሬ ማንም ሰው ገንዘብ ሳይከፍል ሊሠራበት ይችላል። ተራውን የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የቶርኖና የልዩ ልዩ መቁረጫ መኪናዎች መሪ ያደርገዋል። ኮምፒዩተሩ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ስቴፐር የሚባለው ሞተርም ምት በደረሰው ቍጥር አንድ እርምጃ ይራመዳል። የተለመደው ስቴፐር በ200 እርምጃ አንድ ዙር ይዞራል። የሞተሩ መቈጣጠሪያ እያንዳንዱን እርምጃ ለ8 ቢከፍለው ለአንድ ዙር 1600 ምት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ጥርሳም ዘንግ በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ከሆነ፤ ለ1 ሚሊሜትር 320 ምት ይደርሳል። እንግዲህ መቁረጫው በሴኮንድ 25 ሚሊሜትር ይሂድ ብንል፤ ኮምፒዩተሩ በየሴኮንዱ 8000 ምት፤ ማለትም በየ125 ማይክሮሴኮንዱ አንድ ምት መስጠት ግዴታው ነው። አንድ ማይክሮሴኮንድ ደግሞ የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

አሁን ከነዚህ ምቶች አንዱ 100 ማይክሮሴኮንድ ዘገየ እንበል። የሚቀጥለው ምት በሰዓቱ ሲመጣ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ጊዜ 25 ማይክሮሴኮንድ ብቻ ይሆናል። በሠርግ ቤት ከበሮ የሚመታ ሰው አንዱን ምት አዘግይቶ ሌላውን ቢያስከትልበት ጨፋሪው እግሩ እንደሚጠላለፍ ሁሉ፤ ሞተሩም ከባድ ብረት ተሸክሞ በድንገት ሊዘል ስለማይችል እርምጃውን ይስታል። አንድ ጊዜ ከሳተ በኋላ እንደገና የሚይዘው አራት ሙሉ እርምጃ ወይም የዚያን ብዜት ያህል ርቆ ነው፤ ይህም በምሳሌአችን ቢያንስ 0.1 ሚሊሜትር ነው። ከሁሉ የሚከፋው፤ እንዲህ ያለው ሞተር ስለ ደረሰበት ቦታ ለኮምፒዩተሩ መልስ ስለማይሰጥ፤ ኮምፒዩተሩ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ብሎ መቀጠሉ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚቆረጠው ሁሉ ከመስመሩ የወጣ ይሆናል፤ ብረቱ ይበላሻል፤ ስለቱም ይሰበራል። ስለዚህም ነው የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው የሞተሩን ኃይል በቀጥታ እንዲቆርጥ እንጂ የኮምፒዩተሩን ፈቃድ እንዲጠብቅ መደረግ የሌለበት።

ታዲያ በሽታው እንዴት ይታወቃል? የመጀመሪያው መድኃኒት መለካት ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣ መመርመሪያ አለ፤ እርሱም ኮምፒዩተሩ ከቀጠሮው ምን ያህል እንደሚያልፍ ይመዘግባል። መመልከት የሚገባን አማካዩን ሳይሆን ከሁሉ የከፋውን ቍጥር ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሺህ ጊዜ በሰዓቱ ደርሶ አንድ ጊዜ የቀረ ምት ሥራውን ለማበላሸት ይበቃል። ምርመራው በሚካሄድበት ጊዜ ኮምፒዩተሩን ዝም ብሎ ማስቀመጥ ሳይሆን መፈተን ያስፈልጋል፤ መስኮቶችን ማንቀሳቀስ፤ ትልልቅ ፋይሎችን መገልበጥ፤ ሙዚቃ ማሰማት፤ ሥዕል ማሳየት። ከሁሉ የከፋው መዘግየት ከ20 ማይክሮሴኮንድ በታች ከሆነ ኮምፒዩተሩ ምቱን ራሱ ለመስጠት እጅግ የተመቸ ነው። ከ30 እስከ 50 ከሆነ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን ይወሰናል። ከ100 ካለፈ ግን ምት የመስጠቱን ሥራ ለዚሁ ለተዘጋጀ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ መተው ይሻላል። ካርዱ ምቱን ሲቈጥር ኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የሚሰጠው በየ1000 ማይክሮሴኮንዱ ብቻ ስለሆነ ትንሽ መዘግየት አይጎዳውም።

ቍጥሩ ከፍ ካለ ምክንያቱን መፈለግ ይከተላል። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፤ መዘግየቱ መቼ እንደሚመጣ መመልከት ግማሽ መፍትሔ ነው። መስኮት ሲንቀሳቀስ የሚመጣ ከሆነ የሥዕል ካርዱ ይጠረጠራል። ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲፈታ የሚብስ ከሆነ፤ ኃይል ለመቈጠብ ሲል እንቅልፍ የሚወስደው ፕሮሰሰር ሲቀሰቀስ ጊዜ ያባክናል ማለት ነው። ማንም ሳይነካው በየጊዜው ልክ እንደ ደወል የሚመጣ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አለ። በባዮስ ውስጥ የሚኖረው ፕሮግራም ሙቀት ለመለካት ወይም ለሌላ ጉዳይ ፕሮሰሰሩን ለራሱ ሥራ ይጠራዋል። ይህም አንድ አለቃ ጸሐፊውን ከመዝገቡ ላይ አስነሥቶ የግል ጉዳዩን እንደሚልከው ያለ ነው፤ ሊኑክስ ሰዓቱ መጉደሉን እንጂ ማን እንደ ወሰደበት አያይም።

መድኃኒቱም እንደ በሽታው ነው። የኃይል ቍጠባውንና የፍጥነት መለዋወጡን ከባዮስ ላይ ማጥፋት፤ አንዱን ፕሮሰሰር እንደ ሁለት የሚያሠራውን ዘዴ መዝጋት፤ የማያስፈልገውን ገመድ አልባ ካርድ ማውጣት፤ ከፕሮሰሰሩ ክፍሎች አንዱን ለመኪናው ሥራ ብቻ መለየት የተለመዱት ናቸው። ታላቁ ደንብ ግን አንድ ነገር ብቻ ለውጦ እንደገና መለካትና ውጤቱን በደብተር መጻፍ ነው። አምስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ቢድን እንኳ በምን እንደ ዳነ አያውቅም።

ጥፋቱ አንዳንድ ጊዜ ከመሣሪያው ሳይሆን ከሥራ አደላደሉ ይመጣል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር የአየሩን ጠባይ መመዝገብ ከጀመረች በኋላ ኮምፒዩተሯ እየደጋገመ ራሱን ያስነሣ ጀመር። የቀረው የዕለቱ ሥራም ለማግሥቱ ይተላለፍ ነበር። ምክንያቱን በመሥሪያ ቤት ልማድ እንግለጸው። የመዝገብ ቤቱ ቍልፍ በተላላኪው እጅ ነው፤ ዋናው ሹም ቍልፉን ይጠብቃል፤ መካከለኛው ጸሐፊ ግን ተላላኪውን አላሳልፍ ብሎ ያቆመዋል። ስለዚህ ትልቁ በትንሹ ምክንያት ቀረ። የመገናኛውን መስመር የሚጠብቀው ዋና ሥራ በቀጠሮው ባለመፈጸሙ ዘበኛው ፕሮግራም ኮምፒዩተሩን አስነሣው። መሐንዲሶቹ በምድር ላይ ባለው አምሳያ ጥፋቱ እንደገና እስኪደርስ ሞክረው ምክንያቱን አገኙ፤ ቍልፍ የያዘ ተላላኪ ቍልፉን እስኪመልስ ድረስ የሚጠብቀውን ሹም ማዕረግ እንዲይዝ የሚያደርገውን ትእዛዝም ወደ ማርስ ላኩ። ጥፋቱም ቀረ። የሚያስደንቀው ይህ ምልክት መንኰራኵሯ ከማረፏ በፊት በሙከራ ላይ ታይቶ፤ ሊደገም ስላልቻለ ምክንያቱ ሳይገኝ መቅረቱ ነው።

ሊኑክስን ሰዓት አክባሪ የሚያደርገው ፕሪኤምፕት አርቲ የተባለው ሥራ ሃያ ዓመት ያህል ለብቻው ከተደከመበት በኋላ በ2024 ወደ ዋናው ሊኑክስ ገብቷል። ስለዚህ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጥግ አቧራ የለበሰ ኮምፒዩተር ያገኘ ተማሪ፤ ይጠቅም አይጠቅም እንደሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያለ ወጪ ሊለካው ይችላል። መኪና እንዲገዛ የታዘዘ ወጣት ሹምም ሻጩን «ምን ያህል ፈጣን ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ከሁሉ የዘገየው ቀን ስንት ዘገየ?» ብሎ ቢጠይቅ የመንግሥትን ገንዘብ ከብክነት ያድናል እንላለን።