የጋዝ ምድጃ አጠባበቅ በቤትና በጀልባ

በእንጅባራና በዳንግላ፣ በጠቅላላውም በአዊ ምድር፣ የእናቶቻችን ማዕድ ቤት ከጥንት ጀምሮ የኖረው በእንጨት ነው። ባሕር ዛፉ ተፈልጦ፣ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች የሚያለሙት ዲከረንስ የተባለው ግራር ከስሎ ቤተ ሰቡን ሲመግብ ቆይቷል፤ ዛሬም ይመግባል። ነገር ግን በከተሞቻችን የጋዝ ምድጃ ያስገቡ ቤተ ሰቦችም አሉ። ጋዝ ስንል ላምባውን ማለታችን አይደለም፤ በብረት ሲሊንደር ታሽጎ የሚሸጠውን ቡታጋዝ ነው እንጂ። ይህ ምድጃ ዐይን አይለበልብም፤ ድስት አያጠቁርም፤ ከቅዳሴ መልስም ጾመኛውን ብዙ ሳያስጠብቅ ሽሮውን ያደርሳል። ይሁን እንጂ ጠባዩን ላላወቀለት ሰው አደጋው ከእንጨቱ እሳት ይብሳል።

ይህን የተማርነው በገዛ ቤታችን ነው። በወርኀዊው የእመቤታችን በዓል ቀን ማታ በሳሎን ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ባለቤታችን ራት ለማዘጋጀት ክብሪት ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ስትገባ፣ በወለሉ ላይ ይጫወት የነበረው ትንሹ ልጃችን «እማዬ፣ እዚህ ጋ የተበላሸ ሽንኩርት ይሸታል» አላት። እርሷ ቆማ ስታሸት ከዕጣኑ በቀር ምንም አልተሰማትም፤ ጐንበስ ስትል ግን ሽታው አፍንጫዋን መታው። ክብሪቱን ሳትጭር ልጁን አቅፋ ወጣች። ሲሊንደሩን ዘግተን፣ የዕጣኑን ማጨሻ በፊት ለፊቱ በር ወደ ውጭ አውጥተን፣ በሩን ሁሉ ከፍተን ቆየን። በማግሥቱ ስንመረምር ከምድጃው ጀርባ ያለው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ አገኘነው። አንድ ዓመት ሙሉ ማንኛችንም ዘወር ብለን አላየነውም ነበር።

ሕፃኑ ሽታውን ከትልልቆቹ ቀድሞ ያገኘው ስለ ምን ነው? ቡታጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ከተባሉ ጋዞች የተሠራ ሲሆን ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል። ስለዚህ ሲያፈተልክ እንደ ጢስ ወደ ጣራ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወደ ወለል ይወርዳል። በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ ያ ክፉ ሽታ ሰው እንዲነቃ ተብሎ በፋብሪካ የሚጨመርበት ነው። ከአየሩ ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ጋዝ ሲሆን አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። በእኛ ቤቶች ደግሞ በሥዕለ አድኅኖ ፊት ጧፍ ይበራል፤ ዕጣን ይታጠናል። የዕጣን መዓዛ የጋዙን ሽታ ሊሸፍን እንደሚችል እናስተውል።

ይህን ጠባይ ከሁሉ አስቀድመው የሚያጠኑት በጀልባ ላይ ምግብ የሚያበስሉ ሰዎች ናቸው። ከደንገል የሚታሰረው የጣና ታንኳ ክፍት ስለ ሆነ አያሠጋም። ወለሉና ጎኑ ውሃ እንዳያስገባ የተደፈነ ጀልባ ግን ውሃ የማያስገባውን ያህል ጋዝም አያስወጣም፤ ያፈተለከው ሁሉ ከወለሉ በታች ይከማቻል። በዚህ ምክንያት በደንብ የተሠራ ጀልባ ሲሊንደሩን ለብቻው በታሸገ ሣጥን ያስቀምጣል፤ የሣጥኑም ቀዳዳ ከግርጌው ተነሥቶ ከውሃው በላይ ወደ ውጭ ይከፈታል። ማዕበሉ ምድጃውን ስለሚያወዛውዘው የጎማው መጋጠሚያ ቶሎ ይላላል፤ ስለዚህ ባለ ጀልባው ዘወትር ይፈትሸዋል።

የእንጅባራ ቤትስ ከዚህ በምን ይለያል? ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን፣ ብርዱን ፈርተን መስኮቱን ዘግተን፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፍነን እናድራለን። እንግዲህ ቤታችን በየብስ ላይ ያለ ጀልባ ነው። ስለዚህ የሚቻለው ሰው ሲሊንደሩን ከቤት ውጭ፣ ከፀሐይና ከዝናብ በተከለለ ስፍራ ያቁመው። የማይቻለው ደግሞ በማዕድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ ያብጅ። ሲሊንደሩ ምንጊዜም ይቆማል እንጂ አይጋደምም። በብርድ ጧት እሳቱ ቢደክም ከሥሩ ፍም ማድረግ ከባድ ጥፋት ነው፤ ቡቴን በብርድ ወደ እንፋሎት ስለማይለወጥ ነውና ሙቀቱ እስኪመጣ መታገሥ ይሻላል።

ጥገናውን በተመለከተ የቤተ ሰቡ ድርሻ ይህ ነው። በየወሩ ሳሙና በውሃ በጥብጦ በጎማው፣ በማሰሪያውና በሬጉሌተሩ መጋጠሚያ ላይ መቀባት፤ አረፋ ከነፋ ጋዙ ያፈተልካል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ ግን ሞትን መጥራት ነው። ጎማው ለጋዝ ተብሎ የተሠራ እንጂ የውሃ ጎማ አይሁን፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ሳይለጠፍ ይለወጥ። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር የሬጉሌተሩ ጎሚኒ መኖሩና አለመበላቱ ይታይ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቢጫ ሆኖ ድስቱን ካጠቆረ፣ የገነፈለ ሽሮ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸው ይሆናልና ምድጃው ሲበርድ ራሱን አንሥቶ ማጠብና በደንብ ማድረቅ ይገባል። ጋዙ የሚመጣባትን ቀጭን ቀዳዳ ግን በወፍራም መርፌ መጐርጐር ያሰፋታልና አይገባም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ቢጫነቱ ካልጠፋ፣ ወይም ሬጉሌተሩና ማጥፊያው ከተበላሸ፣ ሥራው የባለሙያ ነው።

ቢጫ ነበልባል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን፣ ሽታም መልክም የሌለውን መርዝ ያወጣል። ከከሰል ምድጃም የሚወጣው ይኸው ነው። ስለዚህ ጋዝ ሲበራ መስኮት ይከፈት፤ ከሰልም ለሙቀት ተብሎ ወደ መኝታ ቤት ፈጽሞ አይግባ።

ሽታ የተሰማ እንደ ሆነ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም። ሲሊንደሩን መዝጋት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ልጆችንና አረጋውያንን ማስወጣት ይቀድማል። ማታ ማታም ከጸሎት በፊት የምድጃው ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩ ማጥፊያ መዘጋቱ ይታይ።

አባታችን ኖኅ መርከቡን ከውስጥም ከውጭም እንዲለቀልቅ ታዝዞ ነበር፤ መስኮትም እንዲያበጅላት እንጂ ደፍኖ እንዲተዋት አልታዘዘም። ቤተ ሰቡን ለመጠበቅ መዝጋትም መክፈትም በየቦታው ያስፈልጋል። በቤታችን የዚያን ማታ ያዳነን የእግዚአብሔር ቸርነትና የአንድ ሕፃን አፍንጫ ነው። ቸርነቱን እያመሰገንን፣ የጎማውን ምርመራ ግን ለሕፃን አንተውለት።