ዝሆኔን እባብ አያመጣውም

እግሩ ያበጠ ሰው ሲያልፍ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «የሞተ እባብ ረግጦ ነው» ይላል፣ ሌላው «የዘር ነው»፣ ሦስተኛው ደግሞ እንዳይጋባበት ልጁን ጎትቶ ያሸሻል።

እባቡን ቶሎ እንሸኘው፤ እሱም እርግማኑም በዚህ ጉዳይ እጃቸው የለበትም። በደጋና በወይና ደጋ የምናየው ዝሆኔ፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ የሚመጣው ከአፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፣ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳው ዘልቆ ይገባበታል። ብናኙ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፤ ቧንቧዎቹ ሲጠብቡና ሲደፈኑ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ እግሩ ያብጣል። ይህን የአፈር ነገር ተከታትሎ ያጠናው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ብሪታንያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው።

ይጋባል የሚባለውም ውሸት ነው፤ የሚተላለፍ ጀርም የለውምና። በቆላማው ምዕራብ የሚገኘው ሌላው ዓይነት ዝሆኔ እንኳ በትንኝ እንጂ በመነካካት አይተላለፍም።

«የዘር ነው» የሚለው ግን ግማሽ እውነት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በአፈሩ ይበልጥ የመጠቃት ዝንባሌ በዘር እንደሚወረስ አሳይቷል። የሚወረሰው ዝንባሌው ነው፣ በሽታው አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈሩ የተጠበቀ ልጅ አባቱ ቢታመምም እሱ አይታመምም። ከሚባለው ሁሉ ብዙ ሰው የጎዳው ይህ ግማሽ እውነት ነው ባይ ነኝ። እግሯ ምንም ያልሆነ ልጅ በወንድሟ እግር ምክንያት «ዘራቸው ጥሩ አይደለም» ተብላ ትዳር ታጣለች።

«እኔ ጫማ አለኝ» የሚለውም ራሱን ይጠይቅ። ጫማው ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብቻ ከሆነ፣ ማሳ ሲገባም የሚያወልቀው ከሆነ፣ አፈሩ እግሩን የሚያገኘው እዚያው ማሳው ላይ ነው። በረባሶም ከእሾህ ያድናል እንጂ አፈር አያግድም። የተሸፈነ ጫማ ያስፈልጋል፣ ከዚያም ማታ ማታ መታጠብ።

«አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም» የሚሉ ሰዎች ሕመምተኛውን ቤት ያስቀሩታል። ሕክምናው እኮ ውድ አይደለም። እግሩ በየጣቶቹ መሃል ሳይቀር በሳሙና ይታጠባል፤ የጤና ባለሙያ በሚያሳየው ልክ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ ይነከራል፤ በደንብ ደርቆ ቫዝሊን ይቀባል፤ ካልሲና ጫማ ይደረግለታል። ሲቀመጡና ሲተኙ ከፍ ማድረግ ፈሳሹን ይመልሳል፤ እንደ ሁኔታው ፋሻም ይታሰራል። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ያገኙ ሰዎች ትኩሳትና ሥቃይ ይዞ አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ ሕመም እንደቀነሰላቸው አረጋግጧል። የቆየና የጠጠረ እብጠት ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ ገና የጀመረው ግን ይመለሳል።

ስለዚህ መጀመሪያውን እወቁት። የእግር ጀርባ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ማታ ያበጠው ጠዋት ይሟሽሻል። ከቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ጠበል ብትወስዱትም ክፋት የለውም፣ ጤና ጣቢያውን ግን አትዝለሉት።