«ታይፎይዴ ተነሳብኝ»

ከክፍለ ሀገር ሪፈር ተጽፎላት የመጣች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። እናቷ ከፌስታል ሦስት ወረቀት አውጥተው «ታይፎይድና ታይፈስ ነው ዶክተር፤ መርፌው አልሠራላትም፤ ጠንከር ያለ ይዘዙላት» አሉኝ። ወረቀቶቹ በተለያየ ሳምንት የተሠሩ ናቸው፤ ሦስቱም ላይ ዊዳል 1፡160 ይላል። ጥፍሮቿ ሥር ቀጫጭን የደም ሰረዞች ይታያሉ፤ ልቧ ሲደመጥ ያፏጫል። የልብ ኤኮ ስትነሳ ሩማቲክ ባበላሸው ቫልቭ ላይ የተንጠለጠለ የባክቴሪያ ክምችት ታየ። የደም ካልቸሩ ግን ባዶ ሆነ፤ ሳምንት ሙሉ የተወጋችው ሴፍትሪያክሶን ባክቴሪያውን ደበቀው እንጂ አልጨረሰውም።

ዊዳል ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የታይፎይድ ምርመራ ነው። ባክቴሪያውን አይፈልግም፤ ሰውነት የሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚለካው። አንቲቦዲ ደግሞ ከድሮ ሕመም ይተርፋል፣ ከክትባት ይመጣል፣ በወባና በሌላ ኢንፌክሽንም ይቀሰቀሳል። በአንድ ወረቀት ታይፎይድ አለ ማለት የአምናን ደረሰኝ ይዞ የዘንድሮን ግብር ከፍያለሁ እንደማለት ነው። የምርመራው የራሱ ሕግ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ደም እንደገና ተወስዶ ቁጥሩ አራት እጥፍ ማደጉ እንዲታይ ይጠይቃል። የዚች ልጅ ንቅንቅ አላለም፤ በዊዳል ለሚያምን ሰው እንኳ ይህ ሊያጠራጥረው ይገባ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ ትኩሳት ካለባቸው 270 ታካሚዎች በካልቸር የተገኘባቸው 11 ብቻ ነበሩ። ዊዳል ፖዘቲቭ ያላቸው ስንት እጥፍ እንደሆኑ ላብራቶሪ የሠራ ሁሉ ይገምተዋል።

ሕዝቡ ላይ አልፈርድም። «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ማለትን ያስተማርነው እኛ ነን፤ በሽታው እንደ ጨጓራ ተኝቶ የሚነሳ ይመስል። የሚያናድደኝ የባልደረቦቼ መልስ ነው፤ «ታዲያ ምን አማራጭ አለን? ካልቸር የትም የለም፤ ቢኖርም ቀናት ይፈጃል።» እውነት ነው። ካልቸር ራሱ ከአሥር ታይፎይድ አራቱን ያህል ያመልጠዋል። ግን መልስ ከማጣት የተሳሳተ መልስ ይብሳል። ወረቀቱ እጃችን ከገባ በኋላ ማን ደረት ያዳምጣል? አክታ የሚልክ፣ የወባ ስላይድ የሚደግም ማን ነው? ፍለጋው እዚያው ይቆማል፤ ሳንባ ነቀርሳውም፣ የጉበት መግሉም፣ ቫልቩም «መድኃኒት የተላመደ ታይፎይድ» ተብሎ ሌላ መርፌ ይጨመርበታል።

ካልቸር ያለበት ሆስፒታል የሚሠራ ሰው ቢያንስ ሴፍትሪያክሶኑ ከመሰጠቱ በፊት ደም ይቅዳ። ታካሚው ሾክ ውስጥ ካልሆነ በቀር አምስት ደቂቃ መጠበቅ ማንንም አልገደለም፤ ሾክ ውስጥ ከሆነም መስመር ሲከፈት አብሮ ይቀዳል። የሌለበት ደግሞ ወረቀቱን ገልብጦ አስቀምጦ ታካሚውን ከራስ እስከ እግር ይመርምር። ታይፈስ ይገኝበታል የሚባለውን ዌል ፌሊክስ ግን ዛሬ አላነሳም፤ ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ የሚሠራ የ1916 እ.ኤ.አ. ምርመራ ነው፤ ከጀመርኩት ገጹ አይበቃኝም።