የመንገደኛው ሦስት ጥያቄዎች

አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ለጉዞ ሲነሳ ከሻንጣውና ከስንቁ ጋር ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ይወጣል። ሥጋውን ማን አረደው? ውዱእ የት እናደርጋለን? ቂብላው በየት በኩል ነው?

ልጆቻችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በተጓዝንበት ጊዜ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው መንገድ ላይ ለምሳ አንድ ቤት ጎራ አልን። በበራፉ «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ተጽፏል። አራጁ ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ግን አስተናጋጁ «እኔ እንጃ፣ ተገዝቶ ነው የሚመጣው» አለን። ሽሮ በልተን ተነሳን። ውድ አንባቢያን! በር ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ለእንግዳ የተገባ ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ አማና ነው።

ሐረር ስንደርስ ሌላ ነገር ገጠመን። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች፣ 82 መስጊዶች ያሏት ከተማ ናት። በግንቡ ውስጥ ያረፍንባት ቤት እመቤት ገና ሳንጠይቅ ቂብላውን አመለከቱን፤ መስገጃና ውሃ የሞላ ጆግ አቀረቡልን፤ ሥጋውንም ከየት እንደሚገዙ ነገሩን። ያ ሁሉ ምንም ወጪ አልጠየቃቸውም።

ነብዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ለማያውቋቸው እንግዶች የሰባ ወይፈን ያቀረቡት ሳይጠየቁ ነበር። በ615 ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሶሓባዎች ነጃሺ ሲቀበላቸውም መጠለያ ብቻ አልሰጣቸውም፤ ጌታቸውን ያለ ስጋት እንዲገዙ ጭምር እንጂ። ዛሬ «ሐላል ቱሪዝም» የሚባለው ነገር ሥሩ ይኸው ነው። በማሌዥያ የሐላል ምስክር ወረቀት የሚሰጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ፤ በብዙ ሆቴሎች ክፍልም ቂብላን የሚያመለክት ቀስት ይገኛል። እኛ ቀስቱን ለመለጠፍ ምን ያግደናል?

መንገደኛውም የራሱ ድርሻ አለበት። አላህ (ሱ.ወ) ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን ወደ ሁለት እንዲያሳጥር ፈቅዶለታልና «መንገድ ላይ ነበርኩ» ብሎ ሶላት መተው አይገባውም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን፣ እንግዳም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር መቆየት እንደሌለበት አስተምረዋል። እናንተ ወጣቶች ደግሞ ስለ ሥጋው ስትጠይቁ በትሕትና ይሁን፤ አስተናጋጁን በሰው ፊት አታሳፍሩት።

የሆቴልና የምግብ ቤት ባለቤቶች ሆይ! አራጁን እወቁ፣ ውሃውን አቅርቡ፣ ቂብላውን አመልክቱ። መንገደኛው ያኔ ሦስቱንም ጥያቄዎች ሳያነሳ ያርፋል። አላህ ያግራልን።