ከትንሽ ኩሬ ትልቅ ዓሣ

ጣና ዳር ያለህ ገበሬ ሆይ፤ በጓሮህ ኩሬ ቆፍረህ ቀረሶ ጨምረህበት ይሆናል። ቀረሶ የምንለው አንዳንዱ ሰው ቆሮሶ የሚለውን ዓሣ ነው። ዓመት ጠብቀህ መረብ ስትጥል የወጣው ግን ጣት የሚያህል ዓሣ ብቻ ሆነ። ድካሜ ከንቱ ቀረ ብለህ ኩሬውን ለከብት መጠጫ ልትተወው አሰብህ። ቆይ፤ አትተወው! ጥፋቱ የኩሬው ማነስ አይደለም።

ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ቀረሶ ወላድ ነው። እንስቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቿም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። በኩሬ ውስጥ ደግሞ ገና በትንሽነቷ መውለድ ትጀምራለች። ዓሣው በዝቶ በዝቶ ኩሬውን ይሞላዋል፤ ምግቡ ግን ያው ነው። በቆሎ ተጠጋግቶ ሲበቅል ምን ታደርጋለህ? ነቅለህ ታሳሳዋለህ እንጂ መሬቱ መጥፎ ነው አትልም። ዓሣም እንደዚያው ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ቆጥረህ ጨምር። ለአንድ ካሬ ሜትር 2 ጫጩት ይበቃል። ርዝመቱ 15 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ኩሬ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ 300 ጫጩት ይበቃዋል። ጎረቤት መጥቶ «ምነው አሳነስከው» ቢልህ አትስማው።

ቀጥሎ የሚያሳሳልህ ሠራተኛ ያስፈልግሃል። እሱም አምባዛ ነው። አምባዛ የቀረሶን ጫጩት እየለቀመ ይውጣል። ነገር ግን ቀረሶህ መዳፍ እስኪያህል ጠብቅ፤ ያኔ ከቀረሶው ያነሱ ጥቂት አምባዛዎች ጨምር። ትልቅ አምባዛ አስቀድመህ ብትከት ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ነው። ደግሞ ኩሬውን ዙሪያውን እጠረው። አምባዛ አየር ስለሚተነፍስ በዝናብ ሌሊት በእርጥብ መሬት እየተሳበ ይሄዳል። ተረት የሚመስለው ሰው አለ፤ እውነት ነው።

ሌላም ዘዴ አለ፤ ወንዱን ብቻ ማስቀረት። ወንዱ ከእንስቲቱ ፈጥኖ ያድጋል። ዓሣውን ገልብጠህ ከሆዱ በታች ስታይ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ እንስቲቱ ሦስት አላት። ይህ ጥሩ ዓይን ይጠይቃል። ጥቂት እንስት ካመለጡህ መብዛቱ አይቀርምና እኛ አምባዛውን እንመርጣለን። ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ ጫጩት ከመግዛትህ በፊት እዚያ ወይም የቀበሌህን የግብርና ባለሙያ ጠይቅ።

ስለ ቀለቡም እንነጋገር። ፍግ በልክ ስትጨምር ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። አትደንግጥ፤ ያ አረንጓዴ ነገር የቀረሶ ምግብ ነው። ልኩን ለማወቅ ክንድህን እስከ ክርንህ ውኃው ውስጥ አስገባ። መዳፍህ ገና ክርንህ ሳይደርስ ከጠፋብህ ፍጉን አቁም። ፍግ ሲበዛ ውኃው አየር ያጥረዋል፤ ዓሣውም ማለዳ ላይ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል።

ለመያዝ ግን ብርብራ ወቅጠህ አትጨምር! በጣና ዳርና በወንዞቹ ይህ የቆየ ልማድ መሆኑን እናውቃለን። ብርብራ ትልቅና ትንሽ አይለይም፤ ለከርሞ የሚያድገውንም ይገድላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅም ዓሣን በመርዝ መያዝን ከልክሏል። ዓይኑ ሰፋ ያለ መረብ ያዝ። ዓሣውን ሁልጊዜ በአንድ ጥግ መግበው፤ ይለምድና እዚያው ይሰበሰባል። መረቡን ከዚያ በኩል ሳበው። ትልቁ ይያዛል፤ ገና የሚያድገው በመረቡ ዓይን ሾልኮ ይቀርልሃል።